በአንድ ነጥብ ሽንፈት አንድ ጥፋተኛ የለም

ዋሽንግተን ውስጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ወሬ ከተነሳ የፍሬድ ብራውን ስም ሳይጠራ አይቀርም። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1982 ዋንጫውን ያጣው ይህ ልጅ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ኳሷን ለተቃራኒ ተጫዋች ስላቀበለ ነው ይባላል። ታሪኩ አጭር ነው፤ ለማውራት ይመቻል፤ ምስሉም ዛሬ ድረስ ይታያል። ትምህርቱም አብሮ ተዘጋጅቷል፤ አንድ ስህተት የአንድ ዓመት ልፋት መና ያስቀራል። ደጋፊው እንዲህ ይላል፣ የቴሌቪዥን ተንታኙ እንዲህ ይላል፣ ጨዋታው ሲደረግ ያልተወለደው ልጅም ከአባቱ የሰማውን ይደግማል።

እኔ የጆርጅታውን ደጋፊ ነኝ፤ ያ ሽንፈት አሁንም ያንገበግበኛል። ታሪኩ ግን ትክክል አይደለም። ያን ምሽት ጆርጅታውንን ያሸነፈው ኖርዝ ካሮላይና ነው እንጂ ፍሬድ ብራውን አይደለም። ከዚያም አልፌ እከራከራለሁ፤ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ለተሸነፈ ቡድን አንድ ጥፋተኛ መፈለግ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን የሂሳብ ስህተትም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ቀኑ ማርች 29፣ ቦታው የኒው ኦርሊየንስ ሱፐርዶም፣ ተመልካቹ 61,612 ሰው። ጆርጅታውን 62 ለ 61 እየመራ ነው። ከ20 ሰከንድ ያነሰ ሲቀር ማይክል ጆርዳን የሚባል የካሮላይና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከግራ ክንፍ ዘሎ ወረወረ። ገባች፤ 63 ለ 62። ጆርጅታውን ታይም አውት ሳይጠይቅ ኳሷን ይዞ ወጣ። ከብሮንክስ የመጣው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ብራውን የሜዳውን አጋማሽ አልፎ የሚያቀብለው ሰው መፈለግ ጀመረ። የካሮላይናው ጄምስ ዎርዚ ኳስ ለመንጠቅ ተወርውሮ ስላልተሳካለት ከቦታው ወጥቷል፤ አሁን ያለው ተከላካይ ሊቆምበት በማይጠበቅ፣ የጆርጅታውን ተጫዋች ሊገኝበት በሚገባ ስፍራ ላይ ነው። ብራውን በዓይኑ ጥግ አንድ ሰው አየ፤ ባልደረባው ኤሪክ ስሚዝ መሰለው፤ አቀበለው። ዎርዚም ሰተት ብላ የመጣችለትን ኳስ እያነጠረ ወደ ሌላኛው ቅርጫት ሮጠ። ሰዓቱ ላይ የቀረው ከ10 ሰከንድ ያነሰ ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። በብራውን ላይ ሲፈረድ የኖረው ፍርድ ከዚሁ ተረት የሚቀዳ ነው። ነገር ግን የብብትን ለመጣል መጀመሪያ በብብት የተያዘ ነገር መኖር አለበት። ኳሷ ብራውን እጅ ስትገባ ጆርጅታውን በአንድ ነጥብ እየተመራ ነበር። ሰዓቱ እንደዚያው ቢያልቅ ተሸናፊ ነበር። ብራውን በእጁ የያዘው አንድ የመወርወር ዕድል ነበር፤ ድል አልነበረም። ቅብብሉ በትክክል ተሳክቶ ኳሷ ለስሊፒ ፍሎይድ ወይም ለፓትሪክ ዩዊንግ ብትደርስ ኖሮስ? ያን ምሽት ጆርጅታውን ከወረወራቸው ኳሶች የገቡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በመጨረሻው ሰከንድ፣ በጠበቀ መከላከል መሀል፣ ካሮላይናዎች ምን እንደሚመጣ እያወቁ ሲሆን ደግሞ ዕድሉ ከግማሽም ሊያንስ ይችላል። እንግዲህ በብራውን ስህተት የጠፋው ቢበዛ ግማሽ ተስፋ ነው። ግማሽ ተስፋ ያመለጠውን ልጅ ሙሉ ዋንጫ ጣለ ማለት ያልነበረውን ዕዳ ማስከፈል ነው።

የቀረውስ የት ሄደ? በ40ው ደቂቃ ውስጥ ነው ያለው። በዚያ ፍጻሜ የሦስት ነጥብ መስመር አልነበረም፤ ኳስ ይዞ የመቆየት ገደብም አልነበረም። ቡድን የፈለገውን ያህል እያቀባበለ ጥሩ ዕድል መጠበቅ ይችል ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ኳስ ውድ ነበር፤ እያንዳንዷ ሁለት ነጥብ በብዙ ድካም የምትገኝ ነበረች። የመጀመሪያው አጋማሽ 32 ለ 31 በጆርጅታውን መሪነት አለቀ። መጨረሻው ደግሞ 63 ለ 62 በካሮላይና። ሁለቱ ቡድኖች ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሳይላቀቁ ተያይዘው ነው የሄዱት። እንዲህ ባለ ጨዋታ በሦስተኛው ደቂቃ የገባች ኳስ ሁለት ነጥብ ናት፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ የገባችውም ሁለት ነጥብ ናት። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ድምሩ ነው፤ የትኛዋ ሰዓት የትኛዋን ነጥብ እንዳመጣች አይጽፍም።

አንድ ቦታ ጠጋ ብለን እንይ። ዩዊንግ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ወደ ቅርጫቱ ቁልቁል መውረድ የጀመሩ የካሮላይና ኳሶችን አየር ላይ እየመታ አባረረ። ሕጉ ይህን አይፈቅድም፤ ኳሷ ባትገባም እንደገባች ትቆጠራለች። ዳኞቹ አምስት ጊዜ እንዲህ ቆጠሩ። አምስት ጊዜ ሁለት 10 ነጥብ ነው። ከነዚያ ኳሶች ስንቶቹ ራሳቸው ይገቡ ነበር? ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከአምስቱ አንዷ ብቻ የምትስት ኖራ ዩዊንግ እጁን ቢሰበስብ ግን ልዩነቱ ሌላ ይሆን ነበር።

ታዲያ ጥፋተኛው ዩዊንግ ነው ልበል? አልልም። ዩዊንግ ያን ምሽት 23 ነጥብ አስቆጥሮ 11 ሪባውንድ የወሰደ ልጅ ነው። እጁን እየዘረጋ ያባረራቸው ኳሶች ካሮላይናዎች ወደ ቅርጫቱ ስር በገቡ ቁጥር ቀና ብለው እንዲያዩ አድርገዋቸዋል፤ ያ ፍርሃት ስንት ነጥብ እንዳስቀረ የሚቆጠርበት ሰሌዳ ግን የለም። እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። በአንድ ነጥብ ባለቀ ጨዋታ ውስጥ ጣቴን የትም ብጠቁም ልዩነቱን የሚያህል ነገር አገኛለሁ። ያልተወሰደ ሪባውንድ አለ፣ የተሳተ ነፃ ውርወራ አለ፣ ዘግይቶ የመጣ ተከላካይ አለ። ሁሉም “ይህ ባይሆን ኖሮ” ሊባልበት ይችላል። ሁሉም ሊባልበት የሚችል ነገር ደግሞ አንዱን ብቻ ነጥሎ ለመክሰስ ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ዎርዚ እንነጋገር። ከብራውን ቅብብል በኋላ ጨዋታው አላለቀም ነበር። 2 ሰከንድ ሲቀር በዎርዚ ላይ ጥፋት ተሠራና ሁለት ነፃ ውርወራ ተሰጠው። ሁለቱንም ሳተ። ከዚያ ፍሎይድ ከሩቅ አንዲት የመጨረሻ ኳስ ወረወረ፤ አልገባችም። እስቲ ያቺ ኳስ ገብታ ቢሆን ብለን እናስብ። ጆርጅታውን ሻምፒዮን፣ ፍሎይድ ጀግና፣ ብራውንን የሚያስታውሰው ከቤተሰቡ በቀር ማንም የለም። ጄምስ ዎርዚ ግን እስከ ዛሬ “ሁለት ነፃ ውርወራ ስቶ ዋንጫ ያስበላው ሰው” ተብሎ ይጠራ ነበር። ያውም ያን ምሽት 28 ነጥብ ያስቆጠረው፣ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ዎርዚ! የሰው ስም ለአርባ ዓመት የሚጠቁረው ወይም የሚነጣው ሌላ ሰው ከሩቅ በወረወራት ኳስ ከሆነ ፍርዳችን በሰውየው ሥራ ላይ የቆመ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ስል የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ ከሁሉም ጠንካራው እሱ ስለሆነ በአግባቡ ልመልሰው። በአሥረኛው ደቂቃ የተሳተች ኳስ መካሻ 30 ደቂቃ አላት፤ በመጨረሻው ሰከንድ የጠፋች ኳስ ግን መካሻ የላትም፤ ስለዚህ ሁለቱን እኩል ማየት አይቻልም ይላሉ። የመጨረሻዋ ኳስ ክብደት እንደሚበልጥ አልክድም። ክብደት ሌላ ነው፣ ጥፋት ሌላ ነው። ያቺን ቅጽበት ከባድ ያደረጋት ብራውን አልነበረም። ሁለት ቡድኖች ከ39 ደቂቃ በላይ ተፋልመው አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ ስላቃተው ነው የከበደችው። ጆርጅታውን በ10 ነጥብ እየመራ ቢሆን ኖሮ ያቺው ቅብብል ፈገግ አሰኝታ ታልፍ ነበር። ያው ልጅ፣ ያው እጅ፣ ያው የዓይን ስህተት። ስህተቱ ሳይለወጥ ፍርዱ ብቻ ከተለወጠ፣ የምንፈርደው በሰሌዳው እንጂ በተጫዋቹ አይደለም። ሰሌዳውን ደግሞ ብቻውን አልጻፈውም።

ደግሞስ በአሥረኛው ደቂቃ የጠፋችው ኳስ በእርግጥ ተክሳለች? ተክሳ ቢሆን ጆርጅታውን በአንድ ነጥብ አይሸነፍም ነበር። ያልተካሰች ነጥብ እስከ መጨረሻው ጎድላ ትኖራለች፤ ጊዜው ረዘም ስላለ ብቻ እንረሳታለን። የምናስታውሰው መጨረሻ ያየነውን ነው። የማስታወስ ልማዳችንን ወስደን የፍትሕ ሚዛን ማድረግ ግን ትልቅ በደል ነው።

የዚህ አመለካከት ጉዳት በተሸናፊው ላይ ብቻ አያቆምም፤ አሸናፊውንም ያዛባል። ዛሬ ያን ጨዋታ የጆርዳን ጨዋታ ይሉታል። ጆርዳን 16 ነጥብ አስቆጥሯል፤ የመጨረሻዋም ኳስ ድንቅ ነበረች። የዎርዚ 28 ነጥብ ባይኖር ግን ጆርዳን ያቺን ኳስ የሚወረውርበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ያን ምሽት ኮከቡን የመረጡት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ጆርዳን በኋላ ጆርዳን ስለሆነ ነው ታሪኩ ወደኋላ ተመልሶ የተጻፈው። ብራውን ጥፋተኛ የሆነበትና ጆርዳን የዕጣ ፈንታ ልጅ የሆነበት ታሪክ አንድ ነው፤ ሁለቱም የ40 ደቂቃ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ላይ ይጭናሉ።

የካሮላይናውን አሰልጣኝ ዲን ስሚዝን ተመልከቷቸው። ቡድኑን ከ1961 ጀምሮ ይመሩ ነበር። ወደ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ሲደርሱ ይህ ሰባተኛቸው ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስቱ ዋንጫ አላገኙም። “ትልቁን ጨዋታ ማሸነፍ የማይችሉ” ይባሉ ነበር። ጆርዳን ወረወረ፤ ኳሷ ገባች፤ ስሚዝ በአንድ ሌሊት ታላቅ አሰልጣኝ ሆኑ። ሰውየው በዚያች ሌሊት አዲስ ነገር ተማሩ? አልተማሩም። የሚያውቁት ያው ነው፣ የሚያሰለጥኑበት መንገድ ያው ነው። የተለወጠው አንዲት ኳስ ቀለበቱን አልፋ መግባቷ ነው። “የማሸነፍ ባሕርይ የለውም” የሚባለው ነገር ሁሉ እንዲህ ባለ ቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ እኛ ግን የሰው ማንነት አድርገን እናወራዋለን።

አሁን ወደ ጆን ቶምፕሰን ልምጣ። ጨዋታው እንዳለቀ የጆርጅታውኑ አሰልጣኝ ያን ግዙፍ ሰውነታቸውን ይዘው ወደ ብራውን ሄዱ፤ ሁሉ ካሜራ እያየ አቀፉት። ምስሉ ታዋቂ ነው፤ ብዙ ሰውም ያደንቀዋል። አድናቆቱ ግን በራሱ ያስከፋኛል። “እንዲህ ያለ በደል ይቅር ያሉ ታላቅ ሰው” ይላሉ። ይቅርታ ለጥፋተኛ ነው የሚደረገው። እቅፉን ይቅርታ ካልነው ክሱን ተቀብለናል ማለት ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ቶምፕሰን ያን ምሽት በሱፐርዶም ውስጥ ጨዋታውን በትክክል ከቆጠሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ዩዊንግ ላይ የተቆጠሩትን አምስት ኳሶች ያውቃሉ። ታይም አውት አለመጠየቁን ያውቃሉ። ልጁ እየተመራ ባለ ቡድን ውስጥ ኳስ እንደያዘ ያውቃሉ። ስለዚህ እቅፋቸው ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ የሂሳቡ ትክክለኛ መልስ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ በሲያትል ሂዩስተንን 84 ለ 75 አሸንፈው ዋንጫውን ሲወስዱና በዚህ ደረጃ ዋንጫ የበላ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሲሆኑ፣ ያው ፍሬድ ብራውን በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ እንደገናም ተቃቀፉ። ያንንም ምስል “ካሳ” ይሉታል። የሚካስ በደል መች ነበረና?

ክርክሬን ይበልጥ የሚያጸናው ግን የ1985ቱ ፍጻሜ ነው። ጆርጅታውን ያን ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ቡድን ነበር፤ በወቅቱ መጨረሻ 35 አሸንፎ 3 ነው የተሸነፈው። በፍጻሜው በሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ የገጠመው በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ያሸነፈውን ቪላኖቫን ነበር። 66 ለ 64 ተሸነፈ። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ፍሬድ ብራውን የለም። ለተቃራኒ ተጫዋች የተሰጠ ኳስ የለም። ጆርጅታውን ከወረወራቸው 53 ኳሶች 29ኙን አስገብቷል፤ ይህ ለየትኛውም ቡድን ጥሩ ምሽት ነው። ቪላኖቫ ግን 28 ወርውሮ 22 አስገባ። በሁለተኛው አጋማሽ ከ10 የሳተው አንድ ብቻ ነው። ጆርጅታውን ከሜዳ በ7 ቅርጫት በልጦ፣ ማለትም 14 ነጥብ ቀድሞ፣ በነፃ ውርወራ 22 ለ 6 ተበለጠ፤ 16 ነጥብ ማለት ነው። ልዩነቱ ሁለት። እዚህ ውስጥ ማን ይከሰሳል?

ማንንም መክሰስ ሲያቅት ምን እንደተባለ አስታውሳለሁ። “ንቀት ነው የጣላቸው”፣ “ልባቸው አብጦ ነበር”፣ “ቪላኖቫ ከእነሱ ይልቅ ፈልጎት ነበር።” ጥፋተኛ ሰው ሲታጣ ጥፋተኛ ባሕርይ ተፈጠረ። ለቪላኖቫም ቢሆን ይህ ክብር አይደለም። ያ ቡድን ኳስ ሳያባክን፣ ትዕግሥት ሳያጣ፣ ሰዓት የማይገድበውን ጨዋታ እየተጠቀመ ጥሩ ዕድል ብቻ እየመረጠ ወረወረ። ይህ ሙያ ነው። ሙያውን ትቶ “የተሻለ ልብ ነበራቸው” ማለት የሠሩትን ሥራ መቀማት ነው። ጆርጅታውን በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ አንዱን አሸነፈ፤ ሁለቱን የተሸነፈበት ልዩነት ሲደመር 3 ነጥብ ነው። ከዚህ ሦስት ነጥብ ላይ “የሚያሸንፍ” እና “የማያሸንፍ” የሚባል የሰው ዓይነት ሊቆም አይችልም።

ይህ ስህተት በሌላም ቦታ ተደግሟል። በ1993 በዚያው ሱፐርዶም፣ በዚያው ካሮላይና ላይ፣ የሚሺጋኑ ክሪስ ዌበር 11 ሰከንድ ሲቀር ቡድኑ የቀረው ታይም አውት ሳይኖር ታይም አውት ጠየቀ፤ ቅጣት ተቆጠረበት፤ 77 ለ 71 አለቀ። ሲጠይቅ ሚሺጋን 73 ለ 71 እየተመራ ነበር። ዌበር ያን ምሽት 23 ነጥብና 11 ሪባውንድ ነበረው፤ ልክ እንደ ዩዊንግ። 20 ዓመት የሞላው ገና ባለፈው ወር መግቢያ ላይ ነበር። እሱ ባይኖር ሚሺጋን ለዚያች የመጨረሻ ደቂቃ ባልደረሰ ነበር። ግን ስሙ ሲጠራ ከ23ቱ ነጥብ በፊት የሚነሳው ያ ታይም አውት ነው።

ይህን የምጽፈው ለአሜሪካውያን ብቻ ብዬ አይደለም። እኛም ውስጥ አለ። በ80ዎቹ ዋሽንግተን የገባን ኢትዮጵያውያን ለዚህች ከተማ ባዕድ በነበርንበት ጊዜ ጆርጅታውን በሩን የከፈተልን ቡድን ነበር። ቋንቋው ገና ባይገባንም በነጭ ፎጣ ትከሻቸውን የሸፈኑት፣ በዚሁ ከተማ ተወልደው ያደጉት ጥቁሩ አሰልጣኝ ሜዳው ዳር ቆመው ሲያዝዙ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳን ገብቶናል። በፓርኪንግ ጋራዥ የምንሠራው በትንሽ ሬዲዮ፣ ታክሲ የሚነዳው በመኪናው፣ እንከታተል ነበር። ፍቅራችን እውነተኛ ነበር። ስንሸነፍ ግን ያገሩን ታሪክ እንዳለ ተቀበልነው፤ “ያ ልጅ ባያቀብለው ኖሮ!” እያልን።

ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ልማድም አግዞናል። በጥር 2013 ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ከዛምቢያ 1 ለ 1 ሲወጡ ሳላዲን ሰይድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት በግብ ጠባቂው ተያዘ። እስከ ዛሬ ከምድቡ ያልወጣነው በዚያች ኳስ ነው የሚል ሰው ይገጥመኛል። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 መሸነፋችንን ግን አያነሳም። ስድስት ጎል ተረስቶ አንዲት ምት ትታወሳለች። በ10 ሰው ተጫውቶ የተገኘው የአዳነ ግርማ ግብም ተረስቷል። ሰው መርጦ መክሰስ እንዲህ ነው የሚያሳውረው፤ የከፋውን ብቻ ሳይሆን የተሠራውንም መልካም ነገር ይሸፍናል።

“ታዲያ ተጠያቂነት ይጥፋ ነው የምትለው?” ይሉኛል። በፍጹም። ብራውን ራሱ አልሸሸም፤ ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ የሆነውን ተናግሯል። ተጫዋች ስህተቱን ማወቅ አለበት፤ አሰልጣኝ ቪዲዮውን ከፍቶ “እዚህ ላይ ቀና ብለህ እይ” ማለት አለበት። ግን ያ እርማት ነው፤ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ በሦስተኛው ደቂቃ ሪባውንድ ላልወሰደውም፣ ነፃ ውርወራ ለሳተውም፣ ለአሰልጣኙም። እኛ ደጋፊዎች የምናደርገው ግን እርማት አይደለም። ሌሎቹን ሁሉ ነፃ ለማውጣት አንዱን መስጠት ነው። ለአንድ ሰው ሙሉ ተጠያቂነት ስንሰጥ ለቀሩት ምንም አላስቀረንም። ተጠያቂነትን የሚያጠፋው የኔ ክርክር ሳይሆን ይህ ልማድ ነው።

ሌላም ይላሉ፤ ይህ ጨዋታ ነው፣ ለምን ታከረዋለህ? የማከረው ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ነው። ብራውን ያን ምሽት ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ አልነበረም፤ ትምህርቱ ገና ሁለት ዓመት የሚቀረው ልጅ ነበር። ቶምፕሰን በቢሯቸው አየር የሌለው የተነፈሰ ኳስ ያስቀምጡ የነበሩት ተጫዋቾቻቸው ኳሱ አንድ ቀን እንደሚተነፍስና ከዚያ በኋላ ሕይወት እንደሚቀጥል እንዲያዩ ነው። እኛ ግን የአንዱን ልጅ ሕይወት በአንዲት ቅብብል ላይ አቁመን ይኸው ስንት ዘመናችን።

ዛሬ ልጆቻችን በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። አባቶች ዳር ቆመን እንጮኻለን። በአንድ ነጥብ ሲሸነፉ መኪና ውስጥ የምንነግራቸው ነገር ይቀርጻቸዋል። የመጨረሻውን ኳስ የሳተው ልጅ ቡድኑን እንዳስበላ ከሰሙ በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻዋ ደቂቃ ስትደርስ ተከላካይ ጀርባ ይደበቃሉ፤ ኳሷ ወደነሱ እንዳትመጣ ይጸልያሉ። ማንም አይነቅፋቸውም፣ ምክንያቱም ያልያዘ አይጥልም። ፍሬድ ብራውን ያን ምሽት በአገር ፊት ተሳስቶ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ኳስ ያዘ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ሻምፒዮን ሆነ። ያን ያደረገው አሰልጣኙ በትክክል ስለቆጠሩለት ነው። እኛም ለልጆቻችን በትክክል እንቁጠርላቸው፤ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እንጀምር፣ የሁሉንም ሥራ እናንሳ፣ ተጋጣሚያቸው የሠራውንም ጥሩ ነገር እንናገር። ሽንፈቱ የሁላቸው ነው፤ የሁሉም ሲሆን ደግሞ ማንንም ልጅ አይሰብርም።